ወደ ኢትዮጵያ ለመብረር የተነሣው ሁበርት ጁልየን

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ብዙ የማይርቀው አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ካይሮ የተነሣበት ነው። ከዚያ 22 ዓመት አስቀድሞ ግን ከኒውዮርክ ወደ አገራችን ለመብረር የደፈረ ሰው ነበረ።

ሁበርት ጁልየን በካሪብያን ባሕር በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት በ1897 ተወልዶ፣ በካናዳ በኩል ወደ ኒውዮርክ መጥቶ በሐርለም ተቀመጠ። ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶለት በጁላይ 4 ቀን 1924 ብዙ ሰው እያየው ተነሣ፤ ወዲያውም ከነአውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ነፍሱ ግን ተረፈች።

በ1930 አዲስ አበባ ገብቶ ከአውሮፕላን በጃንጥላ በመውረዱ ንጉሠ ነገሥቱን አስደስቶ የኮሎኔልነት ማዕርግ አገኘ። የዘውዱ በዓል ሲቃረብ ግን ግርማዊነታቸው የሚወዱትን አዲስ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ አስነሥቶ ሰበረው፤ ከአገርም ተባረረ።

በ1935 ጦርነቱ ሲመጣ ተመልሶ መጣ። የአየር ኃይሉ አዛዥነት ለአሜሪካዊው ለጆን ሮቢንሰን ስለ ተሰጠ ተጣሉ። ጁልየን ጦርነቱ ሳይፈጸም ሄደ፤ ኒውዮርክ ሲደርስም ስለ ኢትዮጵያ ክፉ ተናገረ። እኔን የሚያሳዝነኝ ከተሰበረው አውሮፕላን ይልቅ ይህ ነው። ሮቢንሰን በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ ሲያስተምር ቆይቶ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ መቃብሩም በአዲስ አበባ ነው። ጁልየን በኒውዮርክ ኖሮ በ1983 ዐረፈ።