ሄርማን ቫይል

ሄርማን ክላውስ ሁጎ ቫይል (ኖቬምበር 9 ቀን 1885 – ዲሴምበር 8 ቀን 1955) በጀርመን አገር የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን በፊዚክስና በፍልስፍናም ትልልቅ ሥራዎችን ትቶ አልፏል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የሲሜትሪ ግሩፖችን ጥናት ከኳንተም ፊዚክስ ጋር በማገናኘቱ ነው። ዛሬ የጌጅ ቴዎሪ ተብሎ የሚጠራውን የፊዚክስ መሠረትም መጀመሪያ ያፈለቀው እርሱ ነው፤ ሐሳቡ ግን በመጀመሪያው መልኩ ስሕተት ነበር፣ ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘትም 11 ዓመት ፈጅቶበታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቫይል የተወለደው በሰሜን ጀርመን፣ ከሃምቡርግ ብዙም በማትርቀው በኤልምስሆርን ከተማ ነው። አባቱ በባንክ ይሠራ ነበር። በአልቶና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲከታተል የፈላስፋውን የካንትን ሥራ አነበበና እጅግ ተማረከ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በዘመኑ ስመ ጥር ለነበረው የሒሳብ ሊቅ ለዳቪድ ሂልበርት ዘመድ ስለነበር፣ ወጣቱ በ1904 ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያመራው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ነው። እዚያም የሂልበርትን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ካንት ስለ ኅዋ ያስተማረው ነገር እንዳልጸና ተረዳ። ፍልስፍናን ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተወም።

በ1908 በሂልበርት መሪነት የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የመመረቂያ ጽሑፉ የኢንቴግራል እኩልዮሾችን የሚመለከት ነበር፤ በኋላ ሂልበርት ኅዋ የተባለው ነገር የበቀለው ከዚሁ የጥናት መስክ ነው። ተራው ኅዋ ሦስት አቅጣጫ ብቻ ሲኖረው ሂልበርት ኅዋ ማለቂያ የሌላቸው አቅጣጫዎች ሊኖሩት ይችላል። ሆኖም ርዝመትና ማዕዘን እንደ ተራው ኅዋ ሊለኩበት ይቻላል። በዚህ ኅዋ ያለን አንድ ቬክተር ወስዶ ወደ ሌላ ቬክተር የሚቀይር ሥርዓት ኦፐሬተር ይባላል።

በ1911 ገና በ25 ዓመቱ ያረጋገጠው ውጤት ዛሬ የቫይል ሕግ ይባላል። አንድ ከበሮ ሲመታ ቆዳው የሚያወጣቸው ድምፆች ተራ በተራ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ቫይል እንዳሳየው፣ ከአንድ ከፍተኛ የድምፅ ቅጥነት በታች ያሉት ድምፆች ብዛት በመሠረቱ የሚወሰነው በቆዳው ስፋት ነው፤ ከበሮው ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ለውጥ አያመጣም። ጥያቄውን ከአንድ ዓመት በፊት በጎቲንገን ያነሳው የሆላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ሎሬንትዝ ሲሆን፣ ሂልበርት በዕድሜዬ ሲፈታ አላይም ብሎ ነበር ይባላል።

በዙሪክ

በ1913 ቫይል የኤድመንድ ሁሰርል የፍልስፍና ተማሪ የነበረችውን ሔሌነ ዮሴፍን አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያ አልበርት አይንስታይንን አገኘው። በ1915 ለጀርመን ጦር ቢመለመልም በስዊዘርላንድ መንግሥት ጥያቄ በተከታዩ ዓመት ተለቆ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ።

1918 ለቫይል ለየት ያለ ዓመት ነበር። ስለ አንጻራዊነት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ስለ ሒሳብ መሠረቶችም ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ከባልደረባው ከፖያ ጋርም በሁለት የታወቁ የሒሳብ ውጤቶች ላይ ውርርድ ገባ፦ በ20 ዓመት ውስጥ የሒሳብ ሰዎች እነዚህ ውጤቶች መሠረት እንደሌላቸው ያምናሉ ብሎ ተወራረደ። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው እንደ እውነት ስለሚሰጡ ውርርዱ አልተሳካለትም ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዚያ ዓመት ሌላ ሐሳቡ ነው። አይንስታይን ስበትን በኅዋና በጊዜ ጂኦሜትሪ ገልጾ ነበር። ቫይል ደግሞ ኤሌክትሪክንና መግነጢስን በዚሁ ጂኦሜትሪ ውስጥ ለማስገባት ፈለገ። ለዚህም የርዝመት መለኪያ ከቦታ ቦታ በነጻ ሊመረጥ ይችላል ብሎ ተነሳ፤ ጌጅ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ መለኪያ ነው። አይንስታይን የሐሳቡን ውበት ቢያደንቅም አንድ ከባድ ተቃውሞ አቀረበ። ቫይል ትክክል ቢሆን ኖሮ በተለያየ መንገድ የተጓዙ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች የተለያየ ብርሃን ይሰጡ ነበር። በተፈጥሮ ግን ሃይድሮጅን የትም ይምጣ የት፣ ብርሃኑ ያው ነው። ጽሑፉ የታተመው ይህ ተቃውሞ ከሥሩ ተያይዞ ነው። ቫይል ለጥቂት ዓመታት ከተሟገተ በኋላ ነገሩን ተወው።

ግሩፕና ኦፐሬተር

ፊቱን ያዞረው ወደ ሲሜትሪ ሒሳብ ነበር። አንድ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ወረቀት ቢዞር ወይም ቢገለበጥ በነበረበት ቦታ ልክ የሚያርፍባቸው 8 መንገዶች አሉ። ከእነዚህ ሁለቱን አከታትሎ መሥራት ከስምንቱ አንዱን ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያለው ስብስብ ግሩፕ ይባላል። ኳስን በማዕከሉ ዙሪያ የማዞር መንገዶች ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ይህም ሳይቆራረጥ የሚፈስ ግሩፕ ነው። በ1925 እና በ1926 ቫይል ባወጣቸው ጽሑፎች እንዲህ ያሉ ግሩፖች በቬክተር ኅዋዎች ላይ እንደ ኦፐሬተር ሆነው የሚሠሩባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘርዝሮ አስቀመጠ። በ1927 ከተማሪው ከፍሪትዝ ፔተር ጋር ያወጣው ውጤት ይህንን ወደ ሂልበርት ኅዋ አሰፋው። ብዙ የሒሳብ ሰዎች ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ይላሉ።

ጊዜው የኳንተም ሜካኒክስ መወለጃ ነበር። በዙሪክ የነበረው ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1926 የሃይድሮጅንን እኩልዮሽ ሲፈታ የሒሳቡን አፈታት ያሳየው ቫይል ነው፤ ሽሮዲንገርም በጽሑፉ ላይ አመስግኖታል። በአዲሱ ትምህርት መሠረት የአንድ ኤሌክትሮን ሁኔታ በሂልበርት ኅዋ ውስጥ ያለ ቬክተር ሲሆን፣ ኢነርጂውን የሚወስነው ደግሞ በዚያ ኅዋ ላይ የሚሠራ ኦፐሬተር ነው።

ቫይል ያየው የሚከተለውን ነው። የአቶሙ እምብርት ለየትኛውም አቅጣጫ አያዳላም። ስለዚህ መላው አቶም ቢዞርም ሕጉ አይለወጥም። እያንዳንዱ ዙረት በሂልበርት ኅዋ ላይ ርዝመትን የማይቀይር አንድ ኦፐሬተር አለው፤ ይህም ከኢነርጂው ኦፐሬተር ጋር ቅደም ተከተሉ ቢቀያየር ለውጥ አያመጣም። ከዚህ የተነሳ እኩል ኢነርጂ ያላቸው ሁኔታዎች ሲዞሩ እርስ በርሳቸው ይቀያየራሉ እንጂ ከቡድናቸው አይወጡም። የማዞር ግሩፕ የሚፈቅዳቸው ትንንሽ ቡድኖች መጠን ደግሞ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይሄዳል፤ ኤሌክትሮኑ የራሱ ስፒን ስላለውም 2፣ 4 እና የመሳሰሉት ይጨመራሉ። አቶሙ በመግነጢስ መካከል ሲቀመጥ አንድ አቅጣጫ ከሌሎቹ ይለያል፣ ሲሜትሪው ይጎድላል፣ አንድ የነበረው የብርሃን መስመርም ይሰነጠቃል። በቤተ ሙከራ የሚቆጠሩት የብርሃን መስመሮች ያለ አንዳች ረጅም ስሌት ከግሩፑ ብቻ ይገኛሉ ማለት ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር የሃይዘንበርግ ሕግ ነበር። በኳንተም ሜካኒክስ ቦታንና ሞመንተምን አስቀድሞና አስከትሎ ማባዛት የተለያየ ውጤት ይሰጣል፤ የልዩነቱም መጠን የታወቀ ነው። ይህንን የሚያሟሉ ኦፐሬተሮች ግን በማንኛውም ውስን ማትሪክስ ሊጻፉ አይችሉም፤ በሂልበርት ኅዋ ውስጥም ቢሆን በየቬክተሩ ላይ ሁሉ አይሠሩም። ቫይል መፍትሔ ያደረገው በእነርሱ ፈንታ ከእነርሱ የሚመነጩትን ርዝመት የማይቀይሩ ኦፐሬተሮች መውሰድ ነው። በዚህ መልክ ሲጻፍ ሕጉ በመሠረቱ አንድ መፍትሔ ብቻ እንዳለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማርሻል ስቶንና ጆን ቮን ኖይማን አረጋገጡ። የሃይዘንበርግና የሽሮዲንገር መንገዶች ሁለት ቢመስሉም አንድ የሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ በ1928 ስለ ግሩፕ ቴዎሪና ስለ ኳንተም ሜካኒክስ ባሳተመው መጽሐፍ ሰበሰበው። ከእርሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ዩጂን ዊግነር በዚሁ መንገድ መሥራት ጀምሮ ነበር። ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ግን አዲሱን ሒሳብ መማር አስጠልቷቸው የግሩፕ ቸነፈር እያሉ ያሾፉበት ነበር። የቫይል መጽሐፍ ለማንበብ ከባድ መሆኑም አልረዳውም።

በ1929 ያ የተተወ የጌጅ ሐሳብ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን በነጻ የሚመረጠው ርዝመት ሳይሆን የኤሌክትሮኑ ሞገድ በዑደቱ ላይ የሚጀምርበት ነጥብ ነበር። ይህ ነጥብ በየቦታው በነጻ እንዲመረጥ ከተፈቀደ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሕግ የግድ ይከተላል፤ የአይንስታይን ተቃውሞም እዚህ ላይ አይሠራም። በዚያው ጽሑፍ ግዝፈት ለሌለው ቅንጣት የሚሆን እኩልዮሽ አቀረበ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ እኩልዮሹ ግራንና ቀኝን ስለሚለይ፣ ማለትም በመስታወት ሲታይ ያው ስለማይሆን፣ ተፈጥሮን አይገልጽም ብሎ ውድቅ አደረገው።

ጎቲንገንና ስደት

በ1930 ሂልበርት ጡረታ ሲወጣ ቫይል የመምህሩን ወንበር ወረሰ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። በ1932 አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን አዲስ የተቋቋመው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ጠራው፤ እርሱም እሺ ብሎ መልሶ እምቢ አለ። በዚያ ወቅት ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይዞት ነበር፤ ከቋንቋውና ከአገሩ መለየትም አስፈርቶታል።

በጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በኤፕሪል የወጣው ሕግ አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ አስወጣ፤ ኤሚ ኖተር፣ ማክስ ቦርንና ሪቻርድ ኩራንት ከጎቲንገን ተባረሩ። የሒሳብ ተቋሙን በኃላፊነት ይመራ የነበረው ቫይል በዚያ በጋ ባለሥልጣናትን እየለመነና ደብዳቤ እየጻፈ ባልደረቦቹን ለማስመለስ ደከመ። ምንም አልተገኘም። ሚስቱ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ስለነበረች እርሷና ልጆቻቸውም አደጋ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ከዙሪክ ሆኖ የሥራ መልቀቂያውን ላከና ወደ ፕሪንስተን ተሻገረ።

እዚያም የተሰደዱትን አልረሳም። በ1934 ከኤሚ ኖተር ጋር ሆኖ ለችግረኞቹ የጀርመን የሒሳብ ሰዎች መርጃ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ሥራ ያገኙት ከደመወዛቸው በመቶ ጥቂት እጅ እንዲያዋጡ ጠየቁ። ኖተር በኤፕሪል 1935 ስትሞት በመታሰቢያዋ ላይ ስለ ሕይወቷና ስለ ሥራዋ የተናገረው እርሱ ነው።

የመጨረሻ ዘመን

በ1939 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ስለ ክላሲካል ግሩፖች የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ሔሌነ በ1948 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀራጺዋን ኤለን ቤርን አግብቶ ዓመቱን በፕሪንስተንና በዙሪክ እያካፈለ ኖረ። በ1952 የታተመው ሲሜትሪ የተሰኘ መጽሐፉ ከጥንት ሥዕሎች እስከ በረዶ ቅንጣት ያሉትን ቅርጾች ለጠቅላላው አንባቢ ያብራራል፤ ሥራዎቹን ማንበብ ለሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያው ይህ ቢሆን ይመረጣል።

በኖቬምበር 1955 ሰባኛ ዓመቱ ተከበረለት። በዲሴምበር 8 ቀን በዙሪክ ከተማ፣ ለመልካም ምኞት ላኪዎች የጻፋቸውን የምስጋና ደብዳቤዎች ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በልብ ድካም በድንገት ሞተ።

ከአንድ ዓመት በፊት ያንግና ሚልስ የጌጅ ሐሳቡን ወደ ሌሎች ግሩፖች አስፍተውት ነበር፤ ዛሬ የቅንጣቶች ፊዚክስ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከሞተ ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቺየን ሺዩንግ ዉ በመራችው ሙከራ ደካማው የኑክሌር ኃይል ግራንና ቀኝን እንደሚለይ ታወቀ። ፓውሊ የጣለው እኩልዮሽም ኑትሪኖን ለመግለጽ ተመልሶ ተነሣ። በ2015 ተመራማሪዎች ታንታለምና አርሰኒክ ባሉበት ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖች በዚሁ እኩልዮሽ መሠረት ሲንቀሳቀሱ አይተዋል፤ እነዚህም የቫይል ፌርሚዮኖች ይባላሉ።