ቤተ መቅደስ የሌለው ዓለም፦ የቶልኪን ሕይወትና አማልክቱ

ይህችን ጽሑፍ የወለደቻት የዶርም ክርክር ናት። ባለፈው ሴሚስተር አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሳነብ አንዱ የዶርም ጓደኛዬ አማልክት የበዙበት የጣዖት መጽሐፍ መሆኑን ነግሮኝ እንድጠነቀቅ መከረኝ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ በታሪኩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ቄስም ስለማይታይ ደራሲው እምነት የለሽ መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። እኔ ለሁለቱም መልስ አጣሁ። ጋዜጠኝነት እየተማርኩ ሳላጣራ ዝም ማለቱ ደበረኝና ላይብረሪ ገባሁ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን የተወለደው ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴን ከተማ ነው። ወላጆቹ እንግሊዛውያን ናቸው። አባቱ አርተር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ1895 እናቱ ሜብል ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ወደ እንግሊዝ ሄደች። ሥራ ይዞት የቀረው አባት በቀጣዩ ዓመት ታሞ ሞተ። ሜብል ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ቀረች።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ሥር ይህች እናት ናት። ልጇን ላቲን ያስተማረችው፣ ከቋንቋ ጋር ያፋቀረችው እሷ ናት። በ1900 ካቶሊክ ሆነች። ታዲያ ምን አለበት እንል ይሆናል። ፕሮቴስታንት ዘመዶቿ ግን ተቆጡ፣ ይደርሳት የነበረው የገንዘብ ድጋፍም ተቋረጠ። በ1904 በስኳር በሽታ ስትሞት ዕድሜዋ 34 ነበር። ኢንሱሊን የተገኘው ከዚያ 17 ዓመት ቆይቶ በ1921 ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ ግን እናቱን የገደላት በሽታው ብቻ ነው ብሎ አልተቀበለም። ለእምነቷ ስትል በችግርና በልፋት ያለቀች ሰማዕት እንደሆነች እስከ ዕለተ ሞቱ ያምን ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጆቹን ያሳደጓቸው በርሚንግሃም የሚኖሩት ካቶሊካዊ ቄስ አባ ፍራንሲስ ሞርጋን ናቸው። ቶልኪን በ16 ዓመቱ ኤዲት ብራት የምትባል በሦስት ዓመት የምትበልጠውን ወላጅ አልባ ልጅ ወደደ። አባ ፍራንሲስ ትምህርቱ እንዳይበላሽ ሰግተው 21 ዓመት እስኪሞላው እንዳይገናኛት ከለከሉት። እሱም ታዘዘ! ልክ 21 ዓመት በሞላው ምሽት ደብዳቤ ጻፈላት። ኤዲት ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር፣ ቀለበቱን መለሰች። ቶልኪን ካቶሊክ እንድትሆን አጥብቆ ስለፈለገ በ1914 እምነቷን ቀየረች፣ አስጠግቷት የነበረው ሰውም ከቤቱ አስወጣት። እናቱ ላይ የደረሰው እጮኛው ላይ ተደገመ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቶልኪንን ትንሽ ታዘብኩት።

በማርች 1916 ተጋቡ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሶም ጦርነት ዘመተ። ምሽግ ውስጥ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ይዞት በኅዳር ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በትምህርት ቤት አብረው ማኅበር ከመሠረቱት አራት የልብ ጓደኛሞች ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞቱ። በሕመም ፈቃድ ላይ ሆኖ የፈጠራ ዓለሙን የመጀመሪያ ታሪኮች መጻፍ ጀመረ።

ቀሪው ሕይወቱ የመምህር ሕይወት ነው። ከ1925 እስከ 1959 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር። እኛን የሚነካ አንድ ነገር ላንሳ። በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው ጥናት የሚመረምረው የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን የሚጠሩበትን ቃል ነው። ቃሉ ከክርስትና በፊት የነበረ እንደሆነ፣ ፀሐይንና ፍምን የሚያስታውስ የጠፋ ተረት በውስጡ እንዳለ ገመተ። የሰውዬው የአሠራር ዘዴ ይኸው ነው፤ አንዲት ቃል ይዞ የጠፋ እምነት ፍለጋ ይሄዳል። የጠፋውን ሲያጣ ደግሞ ራሱ ይፈጥራል።

ወደ ፈጠረው እምነት ልግባ። ጓደኛዬ እንዳለው በዚህ ዓለም አማልክት የሚባሉ አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ኤሩ፣ በሌላ ስሙ ኢሉቫታር፣ የሚባል አንድ ፈጣሪ አለ። መጀመሪያ መናፍስትን ፈጠረ፣ ዜማም ሰጣቸው። ዓለም የተሠራችው በዚያ ዜማ ነው። ሜልኮር የተባለው ኃያል መንፈስ የራሱን ዜማ አስገብቶ አበላሸው። ከመናፍስቱ ዋነኞቹ 14 ቫላሮች በምዕራብ፣ ከባሕር ማዶ ባለችው ቫሊኖር ይኖራሉ። እነሱ እንደ መላእክት አለቆች እንጂ ፈጣሪዎች አይደሉም።

እምነቱ እንደየአገሩ ይለያያል። ኤልፎች የኮከቦችን እመቤት ቫርዳን በመዝሙር ይጠሯታል። ድንኮች ደግሞ የሠራቸውን አንጥረኛ፣ አውሌን፣ ያከብራሉ። አውሌ ኤሩን ሳያስፈቅድ ሠርቷቸው ኖሮ በተያዘ ጊዜ እያለቀሰ ሊያጠፋቸው መዶሻውን አነሳ። እነሱም ፈርተው ተሸማቀቁ። ኤሩ ግን አዝኖላቸው ልጆቼ ናቸው ብሎ ተቀበላቸው። ይህን ሳነብ ሜብልን ያልተቀበሏት ዘመዶቿ ትዝ አሉኝ።

በኑሜኖር ደሴት ሰዎች ኤሩን የሚያመልኩት በተራራ ጫፍ ላይ ነው። ሕንፃ የለም፣ መሠዊያም የለም። በዓመት ሦስት ጊዜ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ከንጉሡ በቀር ማንም ቃል አይተነፍስም። በኋላ ግን ሞትን የፈራ ንጉሥ ተነሳና የሜልኮርን አገልጋይ ሳውሮንን ሰማ። ሳውሮን በከተማው መሐል ግድግዳው 500 ጫማ ከፍታ ያለው ቤተ መቅደስ ለሜልኮር አሠራ። እዚያም ሰው ይሠዋ ጀመር። ለመሥዋዕት የሚመረጡት በብዛት በኤሩ የጸኑት ነበሩ። የሚከሰሱት ግን በእምነታቸው አልነበረም፣ ሌላ ወንጀል ይለጠፍባቸዋል። መጨረሻው ደሴቲቱ በባሕር መዋጥ ሆነ።

ከጥፋቱ ያመለጡት ሰዎች ዘሮች በጎንዶር ከምግብ በፊት ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ለአፍታ ዝም ይላሉ። የቀራቸው ሥርዓት ይህን ያህል ነው። ሆቢቶች ደግሞ ይህም የላቸውም፤ ዝምታውን ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል። ምሥራቅና ደቡብ ያሉ ሕዝቦች ሳውሮንን ንጉሥም አምላክም አድርገው ይገዙለታል። እንደ አፍሪካዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል፤ ጥቁሩና ደቡቡ ሁልጊዜ ለምን ከጠላት ወገን ይሆናል? ሆኖም ሆቢቱ ሳም አንድ የሞተ የደቡብ ወታደር ሲያይ ክፉ ሰው ነበር ወይስ ተገድዶና ተታልሎ ነው የመጣው እያለ በልቡ ይጠይቃል። ሶምን ያየ ሰው የጻፈው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጓደኛዬም ተሳስቷል። ቶልኪን ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሴ የማይለየው አማኝ ነበር። እምነት አልነበረውም የነበረውን ሲ. ኤስ. ሉዊስን ወደ ክርስትና ካመጡት ሰዎችም አንዱ ነው። «የቀለበቶቹ ጌታ» ከመታተሙ በፊት በ1953 ለአንድ ካህን ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ የአምልኮ ሥርዓትን ከታሪኩ ያወጣው አውቆ እንደሆነ፣ እምነቱ ታሪኩ ውስጥ ራሱ እንደሰረገ ገልጿል። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። እናቱ በሃይማኖት ሰበብ በዘመድ የተገፋች ልጅ፣ ትልቁን ቤተ መቅደስ ለክፉው ሰጥቶ ለፈጣሪ ዝም ያለ ተራራ ቢያስቀር አይገርመኝም።

ኤዲት በ1971 አረፈች። ቶልኪን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 በ81 ዓመቱ ተከተላት። የቀብሩን ቅዳሴ ቄስ የሆነው የበኩር ልጁ ጆን መራው። የአማልክቱ ታሪክ የሰፈረበትን «ሲልማሪሊዮን» ደግሞ ሌላው ልጁ ክሪስቶፈር አሰናድቶ በ1977 አሳተመው።

አሁን ወደ ዶርማችን ልመለስ። መጽሐፉን የጣዖት ነው ያለኝ ጓደኛዬ ሃይማኖቱን በመቀየሩ ከቤት የሚላክለት የወር ገንዘብ ከተቋረጠበት ዓመት አልፎታል። የሜብልን ታሪክ ስነግረው ምንም አልመለሰልኝም። ማታ ግን መጽሐፉን ተውሶኝ ተኛ። እስካሁን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፈም፣ ጣዖት ነው ማለቱንም አልተወም። እኔም አላስቸኩለውም። በዓል ሲደርስ ከእናቴ የሚላከውን ዳቦ ለሦስት ነው የምንቆርሰው። ቸር ይግጠመን።