ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከጊዮርጊስ ማሊያ እስከ አፍሪካ ወንበር

በእኛ ዶርም የክለብ ክርክር አንዴ ከተጀመረ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ጎንደር ተቀምጦ የፋሲል ከነማ ደጋፊ አለመሆን ይከብዳል፤ እኔም ደጋፊ ነኝ። ታዲያ በቅርቡ በክርክር መሃል የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም ተነሣና አንዱ ልጅ እሳቸው የጊዮርጊስ ሰው ናቸው፣ እኛን ምን አገባን ብሎ ዘጋው። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሱ ነው ማለት ይቻላል።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን ማሲንቆውን ትተው ኳሱን ያዙ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የጣሊያን ጦር አገር ውስጥ ገብቶ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ለዚህ ክለብ 23 ዓመት ያህል ተጫውተዋል፤ በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳገቡም ይነገራል። ይህ ቁጥር ለጊዮርጊስ ደጋፊ ይጥመው ይሆናል፤ እኔን ግን ብዙም አይገርመኝም። የሚገርመኝ ሌላ ነው።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ነጭና ጥቁርን በሕግ ለያይቶ ይገዛ ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስ ያደጉበት ዘመን ይህ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ሊግ ሲጀመር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ናቸው። ከጊዮርጊስ በቀር ሌሎቹ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። አስቡት፣ በገዛ አገር ሊግ የአገሬው ቡድን አንድ ብቻ! አቶ ይድነቃቸው ከሜዳ ሳይወጡ ፌዴሬሽኑን በማቋቋም ሠሩ፤ የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። እኛ ደባት እያለን በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ኦፍሳይድ ነው፣ አይደለም ብለን የተጣላንበት ሕግ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1949 ዓ.ም. (1957 እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አገሮቹ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ከእኛ ተወካዮች አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ወይ ሙሉ ነጭ ወይ ሙሉ ጥቁር ቡድን እንጂ የተደባለቀ አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች እንግዲያው አትጫወቺም አሏት። አራት ብቻ ሆኖ አንዱን ማስወጣት ቀላል አይደለም። በዚህ የተነሣ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ቀረበችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ነገሩ ለኢትዮጵያ ስለተመቸ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን በጣሊያን ዘመን የዘር መለያየትን ያየ ሰው ሌላ መልስ ሊሰጥ አይችልም ነበር ባይ ነኝ።

ያቺ የ4 ለ 0 ሽንፈት መልስ ያገኘችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት የሚመራው ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ከዚያችው ግብፅ ጋር ለፍጻሜ ገባ። ግብፅ ቀድማ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ወዲያው ግብፅ ደገመች። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አስቆጠረና ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄዱ። እዚያ ላይ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ለሉቺያኖ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የቡድኑን ስም ዝርዝር ስናይ ከጣሊያን የሚወለዱ የኤርትራ ልጆችና የአዲስ አበባ ልጆች ጎን ለጎን ናቸው። ደቡብ አፍሪካ እምቢ ያለችው ዓይነት ቡድን ማለት ይሄ ነበር።

እምቢታው በዚያ አላበቃም። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ከልክሎ አሸናፊዋ ከእስያ ጋር እንደገና ትግጠም ሲል አፍሪካውያን በሙሉ ውድድሩን ጥለው ወጡ። በዚህ ክርክር ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ግንባር ቀደም የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ናቸው። በ1970 ሞሮኮ የአፍሪካን የራሷን ቦታ ይዛ ሜክሲኮ ሄደች።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ከ1965 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ከውጭ አገር ክለብ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነበር። አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1972 ስለሆነ ለአሥር ዓመት ያህል ሕጉ በእሳቸው አመራር ሥር ሠርቷል። የአገር ውስጥ ሊግ እንዳይራቆት ማሰብ ጥሩ ነው። ሆኖም እንጀራውን ፍለጋ የሄደን ልጅ ከአገሩ ማሊያ መለየት ይከብዳል። ሙጂብ ቃሲም በ2021 ከፋሲል ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ ሲሄድ እኛም ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ ቅሬታ ነበረን፤ ሂድ እንጂ አትመለስ ያለው ግን ማንም የለም።

አቶ ይድነቃቸው ወንበሩን ለ15 ዓመት ይዘው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜም ውጭ ነበረች። የተመለሰችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1996 ዋንጫውን በአገሯ አዘጋጅታ፣ ነጭና ጥቁር በተቀላቀለበት ቡድን ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ወሰደችው።