አቡነ ጴጥሮስና አደባባያቸው

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፣ በፍቼ ነው። የዓለም ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው፣ በመምህርነት ሲያገለግሉ ኖረው፣ በ1921 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ጵጵስና ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ሆኑ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሷን ከግብፅ ስታስመጣ ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ ሹመት ራሱ የዘመን መለወጥ ምልክት ነበር።

የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገበሩም፤ በሰላሌ በኩል የተሰባሰቡትን አርበኞች እያጽናኑ ቈዩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አርበኞቹ ከተማዪቱን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ጳጳሱም ተያዙ። ጠላት ከሞታቸው ይልቅ ቃላቸውን ይፈልግ ነበር፤ ሕዝቡ እንዲገዛ ቢሰብኩለት በወደደ ነበር። እሳቸው ግን አርበኞቹን ሽፍታ ብለው ለማውገዝ እንቢ አሉ፤ ለወራሪው የሚገዛውንም ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝብ በተሰበሰበበት በጥይት ተደበደቡ።

የግድያው ቦታ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። አራዳ በዚያን ጊዜ የከተማዪቱ ገበያ፣ የወሬዋና የአዋጇ መነሻ ነበረ፤ በአራዳ የታየ ነገር በሳምንት ውስጥ በየአውራጃው ይደርሳል። በዚያ ዘመን ወራሪው አራዳን በሌላም መንገድ ሊለውጠው ሞክሯል። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት የተተከለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አስነሣ፤ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ ለምንለው ሰፈር መሠረት ጣለ፤ ለአራዳም ፒያሳ የሚለውን ስም አተረፈለት። ስሙን ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይዞታል፤ የምኒልክ ሐውልት ግን ከድሉ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የአቡነ ጴጥሮስ አስከሬን በስውር ስለ ተቀበረ መቃብራቸው አይታወቅም። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ በተገደሉበት አካባቢ የቆመላቸው ሐውልት ከጌጥነት በላይ የሆነ ሥራ ነበረው፤ መቃብር ለሌለው ሰው የመቃብርን ቦታ ያዘ። ማስፈራሪያ እንዲሆን የታሰበው ቦታ በስማቸው የሚጠራ አደባባይ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. ሥርዐቱ ሲለወጥ የንጉሡ ስም ከዩኒቨርሲቲው ተነሣ፤ መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተባለ። የጳጳሱን ሐውልት ግን ሃይማኖትን በበጎ ዐይን የማያይ መንግሥት እንኳ አልነካውም፤ ከባዕድ ጋር ተዋግቶ ለሞተ ሰው የሚሰጠው ክብር ከርእዮቱ በላይ ስለ ነበረ ይመስላል። ደርግ ራሱ ያቆመው የሌኒን ሐውልት በ1983 ዓ.ም. ሥርዐቱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ ወደ ቦታውም አልተመለሰም።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት የተነሣው በመንግሥት ለውጥ ሳይሆን በመሐንዲሶች ሥራ ነው። በ2005 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር መሥመር በአደባባዩ በኩል ሲያልፍ ሐውልቱ ተፈትቶ በብሔራዊ ሙዚየም እንዲቆይ ተደረገ። እንደሚመለስ ቢነገርም ብዙ ሰው ሠጋ፤ ሥጋቱንም እንደ አላዋቂነት መቍጠር ስሕተት ነው። የከተማው ሰው የተነሣ ሐውልት ሳይመለስ ሲቀር አይቷል፤ ባለሙያው በንድፉ ላይ የሚያየው ተነቃቃይ ድንጋይ ለእሱ አንድ ሰው ያረፈበት ቦታ ነው። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ባቡሩም ከሥሩ በዋሻ ያልፋል።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያም በአቅራቢያው ተመርቆ ሲከፈት፣ ሐውልቱ በቦታው ነበረ። ሲያልፉ ሲያገድሙ ይሳለሙት ከነበሩት የሰፈሩ ነዋሪዎች ግን ብዙዎቹ ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ሄደዋል።