አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክና የብርጭቆው ፍሬ

ሊቅ ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን ከታላላቅ ትምህርት ቤት የወጣ፣ በማዕርግ ላይ ማዕርግ የደረበ ሰው ነው። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርበው ሰው ግን የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም፤ ከሆላንድኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር፤ መተዳደሪያውም ጨርቅ መሸጥ ነበር። ሆኖም በገዛ እጁ በሠራው ሌንስ፣ ከእርሱ በፊት የሰው ዓይን ያላየውን ዓለም አየ።

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በሆላንድ አገር ዴልፍት በምትባል ከተማ በ1632 ተወለደ፤ ዓመቱን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አንቶኒ በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ለመደ፤ በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶ አገባና የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከልጆቹ መካከል ለአካለ መጠን የደረሰችው ማሪያ ብቻ ናት። የጨርቅ ነጋዴዎች የክርን ጥራት በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ስለ ነበር፣ ከሌንስ ጋር የተዋወቀው በዚሁ ሥራ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል።

በዚያን ጊዜ ሁለትና ሦስት ሌንስ ያላቸው ማይክሮስኮፖች ነበሩ። ነገር ግን የአንዱ ሌንስ ጉድለት በሌላው ላይ እየተደረበ ምስሉ ይደበዝዝ፣ ዙሪያውም በቀለም ይከበብ ነበር። ሌቨንሁክ ግን በአንድ ሌንስ ብቻ ሠራ፤ ሌንሱንም እጅግ አሳነሰው። የነገሩ ምሥጢር ይህ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባና ከብርጭቆ ሲወጣ ይታጠፋል፤ የብርጭቆው ፊት ይበልጥ በጎበጠ መጠን ብርሃኑ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ትንሽ ኳስ ደግሞ ከትልቅ ኳስ ይልቅ የጎበጠ ነው። ከዳር እስከ ዳር 1 ሴንቲሜትር የሆነ የብርጭቆ ኳስ አንድን ነገር 33 ጊዜ ያህል ሲያጎላ፣ 1.2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነው ግን ከ270 ጊዜ በላይ ያጎላል። ዛሬ በካሜራው አፍ ላይ ትንሽ የብርጭቆ ፍሬ ለጥፎ የጉንዳንን ዓይን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወጣት የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

መሣሪያው ከመዳፍ ያነሰ ነበር። ሌንሱ በሁለት ቀጫጭን የናስ ወይም የብር ሰሌዳዎች መካከል ይቀመጣል፤ የሚመረመረው ነገር በመርፌ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ መርፌውም በብሎን ይንቀሳቀሳል። ተመልካቹ መሣሪያውን ዓይኑ ላይ አስጠግቶ ወደ ብርሃን ይመለከታል። ሌቨንሁክ በዕድሜው ሙሉ 500 ያህል ሌንሶች እንደ ሠራ ይነገራል።

በ1673 ያየውን በሎንዶን ለሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ መጻፍ ጀመረ። በ1676 ቁንዶ በርበሬ ምላስን የሚያቃጥልበትን ምክንያት ለማወቅ ፈልጎ በውሃ ዘፈዘፈው። ምክንያቱን አላገኘም፤ ነገር ግን በአንዲት ጠብታ ውስጥ ሲዋኙ የማይቆጠሩ ጥቃቅን ሕያዋን አየ። ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸው ከእነዚህ መካከል ነበሩ። የሎንዶን ሊቃውንት ይህን ለማመን ተቸገሩ። እርሱም ቀሳውስት ያሉባቸውን የታመኑ ሰዎች ጠርቶ አሳይቶ ምስክርነታቸውን ላከ፤ በ1677 ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ ሙከራውን ራሱ ደግሞ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በ1680 ጨርቅ ነጋዴው የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1683 ከጥርሱ ላይ በፋቀው ቆሻሻ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ጽፎ አሳወቀ፤ በ1698ም የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ መሣሪያውን ለማየት ዴልፍት ድረስ መጣ።

በዚህ ታላቅ ሰው ላይ ግን አንድ ነቀፌታ አለን። ያየውን ሁሉ በልግስና ሲጽፍ፣ እንዴት እንዳየው ግን ደበቀ። ለእንግዶቹ መካከለኛዎቹን መሣሪያዎች እያሳየ ምርጦቹን ለራሱ ያስቀር ነበር፤ ሌንስ የሚሠራበትን ዘዴም ደቀ መዝሙር ይዞ አላስተማረም። በ1723 በ90 ዓመቱ ሲሞት ዘዴው አብሮት ተቀበረ። ለሮያል ሶሳይቲ የተናዘዛቸው 26 የብር ማይክሮስኮፖች ከጊዜ በኋላ ጠፉ፤ እርሱ የከፈተውም መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ በቂ ተከታይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕዝብ በወረርሽኝ ሲያልቅ፣ ከበሽታው በስተ ጀርባ እነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት እንዳሉ በማስረጃ ያረጋገጠ አልነበረም።

በ2021 የሆላንድ ተመራማሪዎች በዩትሬክት ከተማ የሚገኘውን ከሁሉ የበለጠ የሚያጎላውን መሣሪያውን ሳይፈቱት በኒውትሮን ጨረር ውስጡን መረመሩ። ያገኙት የብርጭቆ ክር በእሳት ቀልጦ ጫፉ ሲድቦለቦል የሚገኘውን ትንሽ ኳስ ነው። ይህም ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ከገለጸው ዘዴ ጋር የሚመሳሰል ነው። እንግዲህ ያን ያህል የተደበቀው ነገር ሥሩ አስቀድሞ በአደባባይ የተጻፈ ነበር፤ የሌቨንሁክ የራሱ የሆነው ትዕግሥቱ፣ የእጁ ጥበብና ዓይኑ ነበር።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ አለመቀመጥ ነው፤ የብርጭቆ ክርና የመብራት ነበልባል ውድ ነገሮች አይደሉም። ሁለተኛው፣ ያገኘነውን ከነአሠራሩ ለጓደኛችን ማስተላለፍ ነው። ሊቁ ሲሞት አብሮት የሚሞት እውቀት፣ ለባለቤቱ ክብር ቢሆንም ለወገን ጉዳት ነውና።