ጃኮብ ስናይደርና ስናድር ጠመንጃ

አባቶቻችን ስናድር ብለው ይጠሩት የነበረው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ጃኮብ ስናይደር ነው። ስናይደር የፊላደልፊያ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን፣ ኋላ ወደ ፈጠራ ሥራ ያዘነበለ ሰው ነበር።

በ1864 እ.ኤ.አ. ፕሩሻ ከዴንማርክ ጋር ባደረገችው ጦርነት ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ብልጫው በገሃድ ታየ። የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ግን ከአፈሙዝ የሚጎርሰው ኤንፊልድ ነበር። ያን ሁሉ ጥሎ አዲስ መሥራት ከባድ ወጪ ስለሚያስከትል፣ መንግሥት ነባሩን ለመለወጥ የሚያስችል ዘዴ እንዲቀርብለት ጠየቀ።

የስናይደር መፍትሔ ቀላል ነበር። ከበርሜሉ የኋላ ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ወደ ቀኝ የሚከፈት መዝጊያ ተገጠመ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጥይት ዒላማውን በሚገባ ስላልመታ፣ ኮሎኔል ቦክሰር የናስ ቀለህ ያለው ጥይት አዘጋጀለት። በደቂቃ 3 ጊዜ ይተኩስ የነበረ ወታደር እስከ 10 መተኮስ ቻለ።

ጠመንጃው በ1866 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ስናይደር ግን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ በችግር እንዳለ ሞተ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ይህንኑ ጠመንጃ ይዞ በእሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ገጠመ። ከእኛ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል ነበሩ። ስናይደር ይህን ሳይሰማ አልፏል።

ነባሩን ዕቃ ለውጦ ከብክነት ማዳን የሙያችን ብልሃት ነው። ነገር ግን የእጃችን ሥራ በማን ደጃፍ እንደሚያርፍ ማሰብም ከሒሳቡ ሊጎድል አይገባም።