ጃክ ፎሊ፦ በእግሩ ታሪክ የተናገረ ሰው

ሲኒማ የገባን ሁሉ የሰው ኮቴ፣ የበር ሲጥሲጥታ፣ የልብስ መንኮሻኮሽ ሰምተናል። አብዛኛው ግን ተዋናዩ ሲጫወት የተቀዳ አይደለም፤ ኋላ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰው እጅና እግር የተሠራ ነው። የዚህን ሙያ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ጃክ ፎሊ ስለሆነ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ፎሊ እ.ኤ.አ. በ1891 በኒውዮርክ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ፣ ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን በዩኒቨርሳል ኩባንያ ልዩ ልዩ ሥራ ሲሠራ ቆየ። በ1927 ዋርነር ብራዘርስ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ተመልካቹ ድምፅ ያለው ፊልም ይሻ ጀመር። ዩኒቨርሳል ግን «ሾው ቦት»ን ያለ ድምፅ ሠርቶ ነበር። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሊቀር ሆነ። እዚህ ላይ ነው ፎሊ ብቅ ያለው። ፊልሙ እየታየ፣ ኦርኬስትራው እየተጫወተ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሕዝቡን ጭብጨባና ጫጫታ ከምስሉ እኩል አሰማ። ፊልሙም በ1929 ለሕዝብ ቀረበ።

የዚያን ጊዜ ማይክሮፎን ንግግሩን እንጂ ኮቴውን አጥርቶ አይዝም ነበር። ስለዚህ ፎሊ ምስሉን እያየ በተዋናዩ እርምጃ ልክ ይራመዳል። የሚራመዱት ብዙ ሲሆኑ በሁለት እግሩ ላይ ከዘራ ይጨምራል። በ1960 ለወጣው «ስፓርታከስ» የወታደሮቹን ጉዞ እንደገና አውሮፓ ሄዶ መቅረጽ ሲታሰብ፣ እሱ የቁልፍ ዘለላ አንቃጭሎ የጦር ልብሱን ድምፅ በማውጣት ገላገላቸው ይባላል።

ስሙ በፊልሞቹ ላይ አይጻፍም ነበር። በ1967 አረፈ። ዛሬ ግን ሙያው ራሱ በእሱ ስም ፎሊ እየተባለ ይጠራል።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል? የምንመደብበት ትምህርት ቤት መቅረጸ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ሰፌድ ላይ አተር ብናንከባልል ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ብናወዛውዝ ነጐድጓድ፤ ሁለት ግማሽ ቅል መሬት ላይ ብንመታ የፈረስ ኮቴ። ዕቃውን ማሳየት ብቻ ግን አይበቃም። በተረቱ ውስጥ የሚሮጠው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሮጥ አስቀድመን ተማሪዎቹን እንጠይቅ። የሚያባርረው ጅብና የምትሸሸው አህያ ሩጫቸው አንድ ሊሆን አይችልም። ይህን በድምፅ የለየ ልጅ ተረቱ ገብቶታል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ለመናገር የሚያፍረውም ቢሆን በእጁ ሊነግረን ይችላል፤ ቅሉን ለእሱ እንስጠው።